ማላካ፦ ከቀዩ አደባባይ በፊት የነበረችው ከተማ



የልጆች ትምህርት ሲዘጋ ወደ ኩዋላ ላምፑር የሚሄዱ እህቶች በዝተዋል። ሐላል ምግብ በየቦታው ይገኛል፣ የሶላት ቦታ ከገበያ ማዕከሉም ከአውቶቡስ ጣቢያውም አይጠፋም፣ ሒጃብሽን ዞሮ የሚያይ የለም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆነሽም ከአውሮፓ፣ ለቤተሰብ ዕረፍት ማሌዢያን ብትመርጪ አይገርምም። እዚያ ከደረስሽ አይቀር ግን ሁለት ቀን ቀንሰሽ ለማላካ ስጪያት።

አስጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ ማላካን የግማሽ ቀን ጉዳይ ያደርጓታል። ጠዋት ከኩዋላ ላምፑር መነሳት፣ ቀዩ አደባባይ ላይ ፎቶ፣ አሮጌው የድንጋይ በር ሥር ሌላ ፎቶ፣ ምሳ፣ ከዚያ መመለስ። በዚህ ጉዞ የምታዪው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ፖርቱጋሎች፣ ሆላንዶችና እንግሊዞች የሠሩት ነው። ልጅሽ «እማዬ፣ እዚህ አገር እስልምና መቼ መጣ?» ብሎ ቢጠይቅሽ ከእነዚያ ፎቶዎች መልስ አታገኚም። ከተማዋን ስመ ጥር ያደረጋት ግን እነዚያ ሕንፃዎች ከመሠራታቸው በፊት የነበረው 100 ዓመት ገደማ ነው። ያኔ ሱልጣኔት ነበረች። ከዚያ ዘመን ዛሬ ቆሞ የሚታይ አንድም ሕንፃ የለም፤ ለምን እንደሌለ ስታውቂ ደግሞ የምትረግጪው ድንጋይ ሌላ ይሆንብሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ታሪኩን፣ ከዚያ መንገዱን እንነጋገር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወጥ ቤትሽ እንነሳ። ሻይሽ ውስጥ የምትጥዪው ቅርንፉድ ዛሬ ከዛንዚባርም ከማዳጋስካርም ይመጣል። ከ500 ዓመት በፊት ግን ቅርንፉድ በመላው ዓለም የሚበቅለው በአንድ አካባቢ ብቻ ነበር፤ በዛሬዋ ኢንዶኔዢያ ምሥራቃዊ ጫፍ በሚገኙት የማሉኩ ደሴቶች። ገውዝ ደግሞ ከዚያው አቅራቢያ ካሉት ጥቃቅን የባንዳ ደሴቶች ሌላ ቤት አልነበረውም። በካይሮም በመካም በቬኒስም የተሸጠው ቅርንፉድ ሁሉ ከእነዚያ ደሴቶች ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሲመጣ በሱማትራና በማላይ ልሳነ ምድር መካከል ያለውን ጠባብ ባሕር ያልፋል። ያ ባሕር ዛሬም የማላካ ወሽመጥ ይባላል።

ጠባብነቱ ብቻ አይደለም። በዓመቱ አጋማሽ የሚነፍሰው ነፋስ መርከቦችን ከሕንድና ከዐረብ ባሕር ወደ ምሥራቅ ይገፋል፤ በክረምታቸው የሚነፍሰው ደግሞ ከቻይና ወደ ደቡብ ያወርዳል። ሁለቱ ነፋሶች የሚገናኙት እዚህ ነው። ሸራ ያለው መርከብ ከጉጅራት ተነስቶ በአንድ ወቅት ቻይና ደርሶ መመለስ አይችልም። የሆነ ቦታ ቆሞ ነፋሱ እስኪዞር መጠበቅ አለበት፤ መጠበቁም ወራት ይወስዳል። ወራት የሚጠብቅ ነጋዴ ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል፣ መጋዘን ይፈልጋል፣ ዳኛ ይፈልጋል፣ መስገጃ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ያገባል። ማላካ ከዚህ ጥበቃ የተወለደች ከተማ ናት።

መሥራቿ ፓራሜስዋራ የሚባል ልዑል ነው። መነሻው የሱማትራዋ ፓሌምባንግ ነበር፤ በዛሬዋ ሲንጋፖር ጥቂት ቆይቶ፣ ከዚያም ተባርሮ፣ በ1400 አካባቢ እዚህ የወንዝ አፍ ላይ ሰፈረ። አፈ ታሪኩ ለልጆች ይጥማል። ልዑሉ ዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ የአደን ውሻው ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ ሚዳቋ መሰል እንስሳ ያሳድዳል፤ እሷ ግን ዞራ በእግሯ ስትመታው ውሻው ወንዝ ውስጥ ይገባል። «ደካማው እንኳ የሚደፍርበት ምድር ነው» ብሎ ከተማውን እዚያው ቆረቆረ፤ ስሙንም ከዛፉ ወሰደ ይባላል። የዚያችን እንስሳ ምስል በከተማዋ በየቦታው ታዪዋለሽ፤ ልጆችሽ ይቁጠሩት።

እስልምናስ እንዴት ገባ? ሁለት ዓይነት ምንጭ አለን። አንደኛው «ሰጃራህ መላዩ» የሚባለው የማላዮች የታሪክ መጽሐፍ ነው። ስሙን ልብ በይው፤ «ሰጃራህ» «ሸጀራ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ ዛፍ፣ የዘር ሐረግ ማለት ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው ንጉሡ በሕልሙ ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) አየ፤ ሸሃዳ አስተማሩት፤ በማግሥቱም በዐስር ሰዓት ከጅዳ መርከብ እንደሚደርስና ከመርከቡ የሚወርደውን ሰው እንዲሰማ ነገሩት። መርከቡ በተባለው ሰዓት ደረሰ። ሰይድ ዐብዱልዐዚዝ የሚባል ሰው ወርዶ ባሕሩ ዳር ሶላት ሰገደ፤ ሕዝቡ «ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው?» እያለ ከበበው። ንጉሡም በዝሆን ወደ ባሕሩ ዳር ወረደና ሰለመ፤ ሙሐመድ ሻህም ተባለ። ታሪክ ጸሐፊዎች የሰለመው ፓራሜስዋራ ራሱ ነው ወይስ ልጁ በሚለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔን የሚደንቀኝ የመርከቡ መነሻ ነው። ጅዳ ለምትኖሪው እህቴ፣ የማላካ ሰዎች ታሪካቸውን ሲጽፉ የጀመሩት ካንቺ ወደብ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ቻይናዊ ነው። በ1405 እና በ1433 መካከል የሚንግ ቻይና ግዙፍ መርከቦች ሰባት ጊዜ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ወጥተዋል። አዛዣቸው ዠንግ ሄ ከዩናን የሆነ ሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ አባቱም አያቱም ሐጂ ይባሉ ነበር። ማላካን የዕቃ ማከማቻና የነፋስ መጠበቂያ አደረጋት። አብሮት የተጓዘው አስተርጓሚ ማ ሁዋን፣ እሱም ሙስሊም፣ ባየው ላይ በጻፈው መጽሐፍ ንጉሡም ሕዝቡም ሙስሊም እንደሆኑና እንደሚጾሙ መስክሯል። ሠራዊት ድንበር ጥሶ ያመጣው እምነት አልነበረም። ነፋስ በሚጠብቁ ነጋዴዎች፣ ከእነሱ ጋር በሚጓዙ መሻይኾችና በጋብቻ የገባ ነው።

አስተዳደሩም የነጋዴ አስተዳደር ነበር። ወደቡን የሚመሩ አራት ሻሕባንዳሮች ነበሩ፤ ቃሉ ፋርስኛ ነው፣ የወደብ ሹም ማለት ነው። አንዱ ለጉጅራቶች ብቻ፣ አንዱ ለደቡብ ሕንድ፣ ለቤንጋልና ለአካባቢው፣ አንዱ ለጃቫና ለቅመም ደሴቶች፣ አንዱ ለቻይናና ለጎረቤቶቿ። አንድ መርከብ ሲደርስ የራሱ ሰዎች ሹም ይቀበለዋል፤ መጋዘን ይሰጠዋል፣ ክርክር ቢነሳ ያስማማል። «የማላካ ሕግ» የሚባለው የተጻፈ ሕጋቸው የአካባቢውን ልማድና የሻፊዒ ፊቅሕን ያጣመረ ነው፤ ለባሕር ጉዞ ደግሞ የተለየ ሕግ ነበራቸው። ዛሬም ማሌዢያ ውስጥ የሻፊዒ መዝሀብ ነው የሚሠራበት፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ከልጅነት የምናውቀው አሰጋገድ ነው የሚጠብቅሽ፤ ሱብሕ ላይ ቁኑቱም ሳይቀር።

አሁን ወደ እኛ የሚመጣው ነገር ላይ ደረስኩ። ቶሜ ፒሬስ የሚባል ፖርቱጋላዊ መድኃኒት ቀማሚ ከ1512 እስከ 1515 ማላካ ኖሮ ያየውንና የሰማውን ጽፎ አስቀምጧል። በወደቡ ብዙ ጊዜ 84 የተለያዩ ቋንቋዎች ሲነገሩ ይሰማ እንደነበር ይናገራል፤ ወደ ማላካ የሚመጡትንም ሕዝቦች በዝርዝር ይቆጥራል። ከካይሮ፣ ከመካና ከዐደን ሰዎች ቀጥሎ ማንን ቢጠራ ጥሩ ነው? ሐበሾችን። ከዚያ የኪልዋንና የማሊንዲን ሰዎች፣ ከዚያም ፋርሶችን፣ ቱርኮችን፣ አርመኖችን፣ ጉጅራቶችን እያለ እስከ ቻይና ይዘልቃል።

አንድ ቃል ናት። ስማቸውን፣ ከየት ወረዳ እንደሄዱ፣ ምን ይዘው እንደሄዱ አይነግረንም። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የወጡ ሰዎች ብዙዎቹ በባርነት የተሸጡ እንደነበሩም አንርሳ፤ በሕንድ ደካን ታላቅ የጦር መሪ እስከ መሆን የደረሰው ማሊክ ዐንበር ራሱ ተሽጦ የሄደ የኢትዮጵያ ልጅ ነው። የፒሬስ ዝርዝር ግን በወደቡ የሚነግዱ ሕዝቦች ዝርዝር ነው። ከዘይላዕ ወይም ከምጽዋ ተነስቶ በዐደን አድርጎ፣ ጉጅራት ላይ መርከብ ቀይሮ፣ ማላካ ወንዝ ዳር ነፋስ የሚጠብቅ ሐበሻ ነጋዴ ነበረ ማለት ነው። ወንዙ ዳር ስትቀመጪ እሱን አስቢው። ለልጆችሽም ንገሪያቸው፤ «ከየት ነሽ?» ተብለው ሲጠየቁ ለሚያድጉ ልጆች ይህች አንድ ቃል ከብዙ ንግግር ትበልጣለች።

ይሁን እንጂ ከተማዋን አናሞግሳት ብቻ። በገበያዋ ባሪያ ይሸጥ ነበር። የቤተ መንግሥቷ ታሪክም በተለይ በሴቶች በኩል ስታነቢው ያማል። «ሰጃራህ መላዩ» የቱን ኩዱን ታሪክ ይነግረናል። የሱልጣን ሙዘፈር ሻህ ሚስት ነበረች፤ ወንድሟ ቱን ፔራክ ደግሞ ስመ ጥር መሪ። የወንድሟ ተቀናቃኝ የነበረው አዛውንቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቱን ዐሊ ሥልጣኑን እንዲለቅ ሲጠየቅ «ቱን ኩዱን ካገባሁ» አለ። ሱልጣኑ ፈታት፤ ለአዛውንቱ ተዳረች፤ ወንድሟ በቦታው ተሾመ፤ ሁለቱ ወገኖች ታረቁ። መጽሐፉ የእርቁን ጥበብ ያደንቃል። እሷ ምን እንዳለች አንድ መስመር የለም።

የቱን ኩዱ የልጅ ልጅ ደግሞ ቱን ፋጢማ ናት። አባቷ ቱን ሙታሂር የመጨረሻው ሱልጣን የማህሙድ ሻህ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ሱልጣኑ እሷን ሳያሳየው ለሌላ በመዳሩ ቂም ያዘ ይባላል። በ1510 «ሊከዳህ ነው» የሚል ወሬ ሲደርሰው ሳያጣራ አባቷን፣ ባሏንና ወንድሞቿን አስገደለ፤ እሷንም ቤተ መንግሥት አስገብቶ አገባት። ወሬው ሐሰት መሆኑን በኋላ ሰማ። መጽሐፉ እንደሚለው ቱን ፋጢማ በዚያ ቤት ስትስቅ ቀርቶ ፈገግ ስትል እንኳ አልታየችም። ማሌዢያ ውስጥ ትምህርት ቤቶችና መንገዶች በስሟ ይጠራሉ፤ ሴት ልጅ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ታሪኳን አውርተሻት ሂጂ። በመሐል የነበረው ሱልጣን ዐላኡዲን ደግሞ እንደ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ ሌሊት ልብስ ቀይሮ ከተማውን ይዞር፣ ሌቦችን ራሱ ይይዝ እንደነበር ያው መጽሐፍ ይተርካል። በአንድ ትውልድ ውስጥ ከእሱ ወደ ማህሙድ! ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ከተማዋ በጠላት ፊት በቀላሉ የወደቀችው ውስጧ አስቀድሞ ስለተሰበረ ነው ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ጠላት የመጣው በባሕር ነው። በ1509 ዲዮጎ ሎፔዝ ደ ሴኬይራ የሚባል ፖርቱጋላዊ በጥቂት መርከቦች ደረሰ፤ ጠብ ተነሳ፣ የተወሰኑ ሰዎቹ ታሰሩ፣ እሱ አመለጠ። በ1511 አፎንሶ ደ አልቡኬርክ ሠራዊት ይዞ መጣ፤ ነሐሴ ላይ ከተማዋን ያዘ። ሱልጣኑ ሸሸ። አልቡኬርክ ወዲያው የድንጋይ ምሽግ መገንባት ጀመረ፤ የፖርቱጋሎቹ የራሳቸው መዝገብ እንደሚናገረው ድንጋዩ የተወሰደው ከመስጊዶችና ከሱልጣኖቹ መቃብር ነው። «አንድም ሕንፃ የለም» ያልኩሽ ለዚህ ነው። የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት እንጨት ስለነበር ጠፋ፤ ድንጋይ የነበረው ደግሞ የጠላት ግንብ ሆነ።

ስሞቹን ያዢያቸው፣ ወደ እኛ ይመጣሉ። ያ ከማላካ ያመለጠው ሴኬይራ በኋላ የፖርቱጋል ሕንድ ገዥ ሆኖ በ1520 መርከቦች ይዞ ምጽዋ ደረሰ፤ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የሄደውን የፖርቱጋል መልእክተኛ ያወረደው እሱ ነው። ከእሱ በኋላ ደግሞ ኤስቴቫው ዳጋማ፣ የቫስኮ ዳጋማ ልጅ፣ የማላካ ምሽግ አዛዥ ነበር። በ1535 በጆሆር ላይ የዘመተው እሱ ነው፤ የጆሆር ሱልጣን ደግሞ ያኔ የቱን ፋጢማ ልጅ ነበር። ይኸው ኤስቴቫው ገዥ ሆኖ በ1541 ወደ ቀይ ባሕር ወጣ፤ ወንድሙን ክርስቶፎ ዳጋማን ከ400 ወታደሮች ጋር ምጽዋ ላይ አውርዶ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ሊወጋ ላከው። ትምህርት ቤት «የፖርቱጋሎች መምጣት» ብለን የተማርነው ምዕራፍ ለእኛ ከምጽዋ ይጀምራል። የማላካ ሰው ግን እነዚያኑ ሰዎች ከእኛ ቀድሞ ያውቃቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1641 ሆላንዶች በጆሆር እገዛ ማላካን ከፖርቱጋሎች ወሰዱ። ቀይ የሆኑት ሕንፃዎች የእነሱ ናቸው፤ ስታድሃውስ የሚባለው የገዥው ቤትና በ1753 ያለቀው ቤተ ክርስቲያን፤ ቀይ ቀለሙ ግን ከእነሱ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። የሆላንዶች ዘመን ለእኛ ዋና ነገር ያለው በሌላ በኩል ነው፤ ሙስሊሞቹ መስጊድ እንደገና መሥራት የቻሉት ያኔ ነው። ዛሬ የምታዪያቸው ጥንታዊ መስጊዶች ሁሉ የ1700ዎቹ ናቸው። እንግሊዞች ቀጥለው መጡ፤ በ1807 ያንን የፖርቱጋል ምሽግ በባሩድ አፈረሱት። የተረፈው አንድ በር ብቻ ነው። የማላካ ተወላጁ ሙንሺ ዐብዱላህ የምሽጉን መፍረስ በታሪክ መጽሐፉ ጽፎታል፤ እሱ ራሱ በ1854 ለሐጅ በወጣበት ነው የሞተው። በ2008 ዩኔስኮ ማላካን ከፔናንጓ ጆርጅታውን ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

እንግዲህ መንገዱ። ከኩዋላ ላምፑር ደቡባዊው የአውቶቡስ ተርሚናል፣ ቲቢኤስ ከሚሉት፣ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ አለ፤ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። የሚያወርድሽ ማላካ ሴንትራል ነው፤ ከዚያ አሮጌው ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚቀር ግራብ በሚባለው አፕሊኬሽን ታክሲ ጥሪ። ወደ ማሌዢያ ከመግባትሽ በፊት በሦስት ቀን ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ካርድ አለ፤ ቪዛ ደግሞ እንደ ፓስፖርትሽ ስለሚለያይ ትኬት ሳትቆርጪ አጣሪ። ማረፊያሽን ከወንዙ አጠገብ አድርጊው። በእግር የሚያልቅ ከተማ ነው፤ ልጅ ላዘለች ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ከቀዩ አደባባይ አትጀምሪ። ከኮረብታው ሥር ካለው የሱልጣኔቱ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ጀምሪ። ሕንፃው አዲስ ነው፤ በ1980ዎቹ «ሰጃራህ መላዩ» የሱልጣን መንሱር ሻህን ቤተ መንግሥት በገለጸው መሠረት፣ በእንጨት፣ ያለ ሚስማር የተሠራ። ውስጡ የየአገሩን ነጋዴ የሚያሳዩ ምስሎች አሉ። ሐበሻውን ፈልጊው፤ ባታገኚው እንኳ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ከዚያ ስትወጪ ያ የቀረው የድንጋይ በር፣ ፖርታ ደ ሳንቲያጎ፣ ቅርብ ነው። በላዩ የተቀረጸው የ1670 ምልክት የሆላንዶች ነው። ቱሪስቱ ፎቶ ሲነሳ አንቺ የመቃብሮቹንና የመስጊዶቹን ድንጋይ አስቢ። በሩ ድሮ ባሕሩ አፍ ላይ ነበር፤ ዛሬ ባሕሩ በተሞላ መሬት ርቆ ሄዷል። ኮረብታው ላይ በ1521 የተጀመረ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሚወጣው በደረጃ ነው፣ የሕፃን ጋሪ አይሆንም። ላዩ ላይ ሆነሽ ወሽመጡን ስታዪ መርከቦቹ ዛሬም ይተላለፋሉ።

ከዚያው አጠገብ ያለውን የነፃነት መታሰቢያ ሕንፃ ከውጭም ቢሆን እዪው። በ1912 የእንግሊዞች ክበብ ሆኖ የተሠራ ነው። በየካቲት 1956 ቱንኩ ዐብዱረሕማን የነፃነቱን ቀን ለሕዝቡ ያበሰረው ፊት ለፊቱ ካለው ሜዳ ነው፤ ቦታውንም ማላካን የመረጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ለዐስር ወንዙን ተሻገሪ። የወርቅ አንጥረኞች መንገድ ላይ ካምፑንግ ክሊንግ መስጊድ አለ፤ በ1748 በሕንድ ሙስሊም ነጋዴዎች በእንጨት ተሠርቶ በ1872 በግንብ የታደሰ። ቀስ ብለሽ ግቢ። ጉልላት የለውም፤ ጣሪያው እንደ ፒራሚድ ሦስት ጊዜ የተደራረበ የሱማትራ ጣሪያ ነው። ሚናራው የቻይና ፓጎዳ ይመስላል። ምሰሶዎቹ የአውሮፓ፣ የንጣፍ ሸክላው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ውዱእ የሚደረገው በገንዳ ዙሪያ። መስጊድ ማለት ጉልላት ብቻ ለሚመስላቸው ልጆች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። በዚያው መንገድ ላይ የቻይናዎች ቤተ አምልኮና የሂንዱዎች ቤተ አምልኮ ጎን ለጎን አሉ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ከሄድሽ ካምፑንግ ሁሉ መስጊድ ነው፤ የ1728፣ ከአገሪቱ ጥንታዊ መስጊዶች አንዱ። መስጊዶቹ ለሴቶች የሶላት ልብስ አላቸው፤ የራስሽን ብትይዢ ግን ይሻላል። አገሩ ለምድር ወገብ በጣም ስለሚቀርብ የሶላት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ከስዊድን ወይም ከኖርዌይ የምትመጪ እህቴ ይህን ስታዪ ትስቂያለሽ።

ለመግሪብ ታክሲ ይዘሽ ወደ ማላካ ወሽመጥ መስጊድ ሂጂ። አዲስ ነው፣ በ2006 የተከፈተ፣ ከባሕር ላይ በምሰሶ የቆመ። ባሕሩ ሲሞላ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ከመግሪብ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ፤ ሰው ይበዛል።

ሁለተኛውን ቀን በጠዋት፣ አውቶቡሶቹ ሳይደርሱ፣ ቀዩን አደባባይ ጨርሺው። በአሻንጉሊት ያጌጡት፣ ዘፈን የሚያስጮኹት ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቶች ልጆችን ይጠራሉ፤ ዋጋ ሳትነጋገሪ አትውጪ፤ ዘፈኑንም ዝጋው ብትይው ይዘጋልሻል። ከዚያ ተንግከራ መስጊድ፤ እሱም የ1728 ነው፤ ግቢው ውስጥ በ1819 ሲንጋፖርን ለእንግሊዞች የፈቀደው የጆሆሩ ሱልጣን ሑሴን ሻህ ተቀብሯል። ቡኪት ቺና የሚባለውን የቻይናዎች መቃብር ኮረብታ ጊዜ ካለሽ ብቻ። ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ለሱልጣን መንሱር ሻህ ከቻይና መጥታ ሰልማ ለተዳረችው ለልዕልት ሃንግ ሊ ፖ ተቆፈረ ይባላል፤ የሚንግ መዛግብት ግን እንዲህ ያለች ልዕልት አይጠቅሱም። እኔ ከኮረብታው ይልቅ ካምፑንግ ሞርተንን እመርጣለሁ። ወንዙ መታጠፊያ ላይ ያለ የማላይ መንደር ነው፤ ሰው የሚኖርበት። የማላካ ቤቶች ከፊት ለፊታቸው በቀለማት ንጣፍ የተሸለመ ደረጃ አላቸው፤ ከፎቶ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቂ፣ የሰው ቤት ነው።

ስለ ምግቡ አንድ ጥንቃቄ። ጆንከር መንገድ ላይ፣ በተለይ በሳምንቱ መጨረሻ ማታ ማታ በሚዘረጋው ገበያ፣ ብዙው ሻጭ ቻይናዊ ነው። ኞኛ የሚባለው የቻይናና የማላይ ቅይጥ ምግብም አሳማ ሊኖረው ይችላል። «ማሌዢያ ነው፣ ሁሉም ሐላል ነው» ብለሽ አትግቢ፤ የሐላል ምልክቱን እዪ ወይም ጠይቂ፣ አይከፋቸውም። የማላዮቹን አሳም ፔዳስ ግን እንዳያልፍሽ፤ በሁመር የጎመዘዘ፣ በበርበሬ የተቆጣ የዓሣ ወጥ ነው። ለእኛ ምላስ የተሠራ ይመስላል። ቡናቸውን በተመለከተ ምንም አልልም፤ ከስኳርና ከማርጋሪን ጋር ነው የሚቆላው።

ለቤት የምታመጪው ነገር ጉላ ማላካ ይሁን። ከኮኮናት ዘንባባ አበባ የሚወጣው ፈሳሽ ተንተክትኮ የሚጠነክር ቡናማ ስኳር ነው፤ ሻይ ላይም ገንፎ ላይም ይሆናል። በሙቀት ስለሚቀልጥ ሻንጣ ውስጥ ስታስገቢው በሁለት ፌስታል ቋጥሪው። የእሑድ ማታው የመመለሻ አውቶቡስ ይሞላል፤ ትኬቱን ስትደርሺ ወዲያው ቁረጪ።